ንጉሡም ገብር፣ ባላገሩም ገባር

በላሊበላ ከአለት ከተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ጥንታዊ የእንጨት መናብርተ ታቦት አሉ፤ በአንዳንዶቹ ላይ የንጉሡ ስም ተቀርጾባቸዋል። ንጉሡ ሁለት ስም አለው። አንደኛው ዛሬ ከተማዋ የምትጠራበት ላሊበላ ነው። የመንግሥቱ ስም ግን ገብረ መስቀል ነው። ይህ ትረካ የሚነሣው ከሁለተኛው ስም ነው። በላስታ ተራሮች ላይ ከሁሉ በላይ የተቀመጠው ሰው ራሱን የጠራው ከሁሉ በታች ላለ ሰው በተሰጠ ቃል ነውና።

ገብር በግእዝ አገልጋይ ማለት ነው፤ ጠንከር ሲል ባሪያ ነው። ሲበዛ አግብርት ይሆናል። ከዚያው ሥር ገብረ የሚል ግስ ይወጣል፤ ግሱ ግን «አገለገለ» ማለት አይደለም፤ «ሠራ፣ አደረገ» ማለት ነው። ግብር ሥራ ነው፣ ገባሪ ሠሪ ነው፣ ተግባርም ከዚያው ቤት ነው። የግእዙ ኦሪት ዘፍጥረት ሲከፈት እግዚአብሔር ሰማይና ምድርን መፍጠሩ የሚነገረው በዚሁ ግስ ነው። እንግዲህ ቃሉ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ወንበር ይዞ ኖሯል ማለት ነው፤ ስም ሲሆን መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ግስ ሲሆን ፈጣሪ ዘንድ ይደርሳል።

ላሊበላ ቃሉን ለዙፋን የተጠቀመበት የመጀመሪያው ንጉሥ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት የአፄ ካሌብ ልጅም ገብረ መስቀል ይባል ነበር። ከላሊበላ በፊት የነገሠው ወንድሙ ሐርቤ ደግሞ የመንግሥት ስሙ ገብረ ማርያም ነበር። ስሙ ትሕትና ነው፤ ትሕትና ብቻ ግን አይመስለኝም። «የመስቀሉ አገልጋይ ነኝ» ያለ ንጉሥ የሌላ የማንም አገልጋይ አለመሆኑንም በዚያው አፉ መናገሩ ነው። ላሊበላን ጨምሮ የዛጔ ነገሥታት ሥልጣናቸውን ከቤተ ክርስቲያን ጋር አጥብቀው ያሰሩ፣ አንዳንዶቹም ካህናት እንደነበሩ በትውፊት የሚነገርላቸው ናቸውና እንዲህ ያለ ስም ለእነሱ ጌጥ ብቻ አልነበረም።

ላሊበላ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ነገሠ። አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ማን እንደፈለፈላቸው ትውፊቱ ሲናገር ቀን ሰዎች፣ ሌሊት መላእክት ይሠሩ ነበር ይላል። መላእክቱ በየሥዕሉ አሉ። ቀን ቀን ዶማና መሮ ይዘው አለቱን ሲከፍቱ የዋሉት ሰዎች ስማቸው የትም አልተጻፈም። ግሱን የፈጸሙት እነሱ ናቸው፤ በገብርነት የተቀረጸው ስም ግን የንጉሡ ነው።

ከዚሁ ዘመን አንድ ታሪክ በላስታ እስከ ዛሬ ይነገራል። ላሊበላ በሕይወት ሳለ ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኩቶ ለአብ ለቀቀ ይባላል። ብዙም ሳይቆይ የአዲሱ ንጉሥ ወታደሮች ለንጉሡ ማዕድ ብለው የአንድ ድሀ ገበሬ ብቸኛ ላም ነዱ። ይህን የሰማችው ንግሥት መስቀል ክብራ ባሏን «ተነሥ፣ መንግሥትህን መልስ» አለችው፤ ላሊበላም ተመልሶ ዙፋኑን ያዘ። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በጻፉት መጽሐፋቸው ከዚህ ታሪክ ጀርባ የሥልጣን ሽኩቻ እንደሚታያቸው አስረድተዋል። ያም ቢሆን ትውፊቱ የመረጠው ምክንያት ልብ ይባል። ንጉሥ ሊሻር የቻለው በሃይማኖት ስሕተት አይደለም፣ በጦርነት መሸነፍም አይደለም፤ ከገባር ላይ ሊወሰድ የማይገባውን በመውሰዱ ነው። የላስታ ሰው ይህን ታሪክ ትውልድ ለትውልድ ሲያስተላልፍ ለገዢዎቹ ሁሉ የሚያሳስባቸው ነገር ነበረው።

በ1270 እ.ኤ.አ. ይኩኖ አምላክ የመጨረሻውን የዛጔ ንጉሥ ይትባረክን ገድሎ ነገሠ። ዙፋኑ ከላስታ ወጣ። የዛጔ ዘር ግን ዋግን እንዲገዛ ተተወለት፤ ማዕረጉም ዋግሹም ሆነ። የዋግሹሞች መቀመጫ ሰቆጣ ነበር፤ ነጋሪት የማስመታትና በብር ወንበር የመቀመጥ መብት እንዳላቸው ሲነገር ኖሯል። ላስታም በየዘመኑ አንዴ ከዋግ ጋር ተጣብቆ፣ አንዴ በራሱ ሹም፣ አንዴም በአመፅ እየኖረ ዘለቀ።

እዚህ ላይ ወደ ዋድላ ወረድ እንበል። ዋድላ ከላስታ በስተደቡብ ያለች፣ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሟ አብሮ የሚነሣ የቅኔ አገር ናት። ለቅኔ የሚዘጋጅ ተማሪ አስቀድሞ ግስ ይወርዳል። በብዙዎቹ መምህራን አቆጣጠር የግእዝ ግሶች አርእስት ስምንት ናቸው፦ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ። ልጁ እነዚህን እየደጋገመ ሲያዜም ልብ ላይለው ይችላል እንጂ የአገሩ አስተዳደር በሙሉ ከሁለቱ ውስጥ አለ። ሤመ የአማርኛው ሾመ ነው፤ ሹመት፣ ሹም፣ ዋግሹም፣ ጭቃ ሹም ከእሱ ይወርዳሉ። ከገብረ ደግሞ ገባር ይወርዳል።

የሁለቱን አወራረድ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው አንድ የሚያስቅ ነገር ያገኛል። ሹም የመጣው ከሥዩም ነው፤ ሥዩም ደግሞ የተሾመ፣ ሌላ ሰው ያስቀመጠው ማለት ነው። የተደራጊ ቃል ነው። ገባር ግን የአድራጊ ቃል ነው፤ አድርጎ የሚያሳይ፣ ሥራው ልማዱ የሆነ ሰው ማለት ነው። ሰዋስው ገዢውን ከተደራጊ ተራ፣ ተገዢውን ከአድራጊ ተራ አስቀምጧቸዋል። የአማርኛ ሰዋስው ጸሐፊዎችም በኋላ የግስን ጠባይ ሲለዩ አንዱን ገቢር፣ አንዱን ተገብሮ ብለው የሰየሙት ከዚሁ ከገባር ሥር ቀድተው ነው። የበታች የምንለውን ቃል ከዚህ ጋር ብናስተያየው ድህነቱ ይታያል። የበታች ቅጽል ይሆናል፣ የበታችነት ተብሎ ስም ይሆናል፤ ግስ ግን ከራሱ አይወጣለትም። ገብር ግን ስም፣ ቅጽል፣ ግስ፣ የሰው መጠሪያ፣ የግብዣም ስም ሆኖ አገር ሞልቷል።

አማርኛ ግሱን ከግእዝ ሲቀበለው ትርጉሙን አጠበበው። ገበረ ማለት ከእንግዲህ ማንኛውንም ሥራ ሠራ ማለት መሆኑ ቀረ፤ ለበላይ የሚገባውን ሰጠ ማለት ሆነ። ከዚያም አልፎ የፖለቲካ ቃል ሆነ። «አገሩ ገበረ» ሲባል ተገዛ፣ ሰላም አለ ማለት ነው። «አስገበረ» ሲባል በጦር አስገዛ ማለት ነው። «አልገብርም» ያለ ደግሞ ሸፍቷል።

ላስታ «አልገብርም» በማለት የታወቀ አገር ነው። ከሁሉ የከፋው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የሆነው ነው። ንጉሡ በ1622 እ.ኤ.አ. የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበለ፤ የካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ከመጣ በኋላ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ጾሙና በዓሉ እንዲለወጥ ታዘዘ። ላስታ ተነሣ። መልክአ ክርስቶስ የሚባል ከነገሥታት ዘር የሆነ ሰው መሪ አድርጎ ለዓመታት ተዋጋ። የላስታ ባላገር ከአምባው ሲወርድ ያሸንፋል፣ ሜዳ ላይ ሲቆይ ይሸነፋል። በሰኔ 1632 እ.ኤ.አ. ወይና ደጋ ላይ በተደረገው ጦርነት ሱስንዮስ አሸነፈ፤ 8,000 ያህል ሰው እንደሞተ ተጽፏል። ሬሳው ሜዳውን ሲሞላ የንጉሡ የገዛ ሰዎች፣ የሞቱት ክርስቲያን ወገኖቻችን እንጂ ጠላት አይደሉም አሉ። ሱስንዮስ በዚያው ወር የቀድሞውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። በጦር ሜዳ የተሸነፈው ገባር በነገሩ ረታ። በታሪካችን አንድ ንጉሥ ድል በቀናው ማግስት ለተሸናፊዎቹ ጥያቄ እጁን ሲሰጥ የሚታየው እዚህ ቦታ ነው፤ እኔ ሌላ አላገኘሁም።

ሰላም በሆነበት ዘመን የላስታ ገባር ምን ነበር? መልሱ በከተማ ልማድ ከምናስበው የተለየ ነው። ገባር ባለ ርስት ነው። መሬቱን ከአባቱም ከእናቱም ወገን ቆጥሮ ይወርሳል፤ አቅኚ አባት ብሎ ከሚጠራው ሰው መወለዱን ካስረዳ ድርሻውን ማንም አይነፍገውም። ገዢው ጉልት አለው፤ ጉልት ግን የመሬቱ ባለቤትነት አይደለም፤ ከዚያ መሬት የሚወጣውን ግብር የመብላት መብት ነው። ባለ ጉልቱ መኰንን ወይም ደብር ሊሆን ይችላል። ሲሾም ይበላል፣ ሲሻር ይቀርበታል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባለውም ለዚህ ነው። ገባሩ ግን አይሻርም። ሹሞች ሲፈራረቁ እሱ ከነልጅ ልጁ እዚያው መሬት ላይ ይገኛል።

ይህ ማለት ግን ኑሮው ለስላሳ ነበር ማለት አይደለም። ከአቡነ ዮሴፍ ጋራ ግርጌ ገብስና ባቄላ የሚያበቅል ሰው ከአዝመራው እህል ይሰፍራል፣ ማር ይሰጣል፣ በሹሙ ሁዳድ ላይ ያርሳል፣ ያጭዳል። መልእክተኛ ሲመጣ ድርጎ ያወጣል፤ ጦር ሲያልፍ ያሳድራል፤ የዘማች ስንቅ ይሸከማል። ግብሩን የሚጠይቀው ሰውም አንድ ብቻ አይደለም። ከላይ ባለ ጉልቱ አለ፣ በእሱ ስም ምስለኔ አለ፣ ከምስለኔው በታች ጭቃ ሹሙ አለ። ጭቃ ሹሙ ራሱ ገባር ነው፤ ግብር ሰብስቦ ያስረክባል፣ የጎረቤቱን አመል ያውቃል፣ ማን እህል እንደደበቀም ያውቃል። ለሹሙ ገባር፣ ለገባሩ ሹም ነበር። እኔ ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ከሁሉ የሚያስጨንቅ ቦታ የምለው የእሱን ነው።

ከዚያ ደግሞ ግብር የሚለው ስም ሌላ ፊት አለው። ማሩ አዳራሽ ሲደርስ ጠጅ ይሆናል፣ በሬው ብርንዶ ይሆናል፣ ያ ግብዣም ራሱ ግብር ይባላል። ጌታው «ግብር አበላ» ይባላል፤ ወታደሩ «ግብር ገባ» ይባላል። ከገባሩ ጎተራ ወደ ላይ የወጣው ነገር በጌታው ቸርነት ስም ወደ ታች ሲወርድ ስሙን እንኳ አልለወጠም። ገባሩ የሰጠው ግብር ነው፤ ጭፍራው የበላው ግብር ነው፤ ምስጋናው ግን መሐል ላይ ለተቀመጠው ሰው ይሄዳል። አንድን ሰው ለእንጀራ ብሎ ጌታ የሚከተል ነው ለማለት «ግብረ በላ» የሚለው ስድብ የወጣውም ከዚያ አዳራሽ ነው።

ቃሎች ማዕረግ መለዋወጣቸው አዲስ ነገር አይደለም። ጨዋ በመጀመሪያ ከምርኮ ጋር የተያያዘ ቃል ነበር፤ በኋላ የንጉሥ ጭፍራ ስም ሆነ፤ ዛሬ የታረመ ሰው ማለት ነው። ባላገር ደግሞ የአገር ባለቤት ማለት ሆኖ ሳለ በከተማ ሰው አፍ መናቂያ ሆነ። ጨዋ ወጣ፣ ባላገር ወረደ። ገባር ግን በአንድ ዘመን በሁለት አገር ሁለት ማዕረግ ያዘ፤ ወደዚያ ልንደርስ ነው።

በ1868 እ.ኤ.አ. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞት ዙፋኑን የያዘው የዋግና የላስታ ሰው ነው። ዋግሹም ጎበዜ አባቱን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ቴዎድሮስ ገድሎበት ነበር። ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ፤ የዛጔ ዘር ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥት ተባለ። የትግራዩን የካሣ ምርጫን እኅት ድንቅነሽን አግብቶ ነበር። ካሣ ግን አልገብርም አለ። አንዱ ቃል ሁለቱን አማቾች አጋጨ። በሐምሌ 1871 እ.ኤ.አ. አድዋ አጠገብ አሰም ወንዝ ላይ ተገናኙ። የተክለ ጊዮርጊስ ጦር በቁጥር እጅግ ይበልጥ ነበር፤ ካሣ ግን እንግሊዞች ከመቅደላ ሲመለሱ የተዉለት ጠመንጃና መድፍ ነበረው። ተክለ ጊዮርጊስ ተማረከ፤ ዓይኑ ጠፍቶ በእስር ሞተ። ካሣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሆነ፤ ላስታም ገበረ።

ከዚያ ታላቁ የክፉ ቀን ረሃብ መጣ። ከ1888 እስከ 1892 እ.ኤ.አ. ድረስ የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ ያለ በሬ ገበሬ የለምና አገር ተራበ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው በዶማ ቆፍረው ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን ሞክረዋል። በ1892 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወታደሩ በየቤቱ እየገባ ከሚበላ ይልቅ ገበሬው ከምርቱ አሥራት እንዲያወጣ አዘዙ።

በዚሁ ዘመን የምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ ወርዶ ሰፊ አገር ያዘ፤ ገባር የሚለው ቃልም አብሮት ወረደ። እዚያ ሲደርስ ግን ያው ቃል አልነበረም። በደቡብ ገባር ማለት ለነፍጠኛው በቁጥር የተሰጠ ሰው ማለት ሆነ። ለአንዱ ሹም ይህን ያህል ገባር፣ ለአንዱ ወታደር ይህን ያህል ገባር ተብሎ ተደለደለ። ርስቱ የእኔ ነው ብሎ የሚከራከርበት መንገድ ጠበበበት፤ መሬቱ በቃላድ ሲለካ ብዙው ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። ለነፍጠኛው ያርሳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ አጥር ያጥራል፣ ሚስቱ ትፈጫለች። የላስታ ገባር ግብር የሚከፍለው መሬቱ የራሱ ስለሆነ ነው፤ የደቡቡ ገባር የሚከፍለው ራሱ ለሌላ ስለተሰጠ ነው። ከላስታ ዘምቶ ደቡብ የሰፈረ ወታደር ቢኖር፣ አገሩ ላይ እሱ ራሱ የሚጠራበት ስም እዚህ ሲደርስ በእጁ ላለው ሰው ማዋረጃ ሆኖ ያገኘዋል። የዚህን ሰው ስሜት የጻፈልን የለም።

በቃል መዋረድ መንግሥትን እንኳ ያሳሰበበት ጊዜ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ገባርን ግን ከስሙ ይልቅ የሚያጠቃው ሸክሙ ስለነበር አዋጅ በቀላሉ አይደርስለትም። ይህን ጉዳይ በብዕሩ አጥብቆ የያዘው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። አድዋ ተወልዶ በአውሮፓ የተማረው ይህ ሰው ሠርቶ የሚያፈራው ወገን በማይሠራው መበላቱ አገሪቱን እንደሚያደኸያት አስረዳ። በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነቱ ሞተ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ስሙ ራሱ በገብረ መጀመሩ ለእኔ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ገባርነትን አጥፍቻለሁ እያለ ሰበከ። በደቡብ ይህ ስብከት ሰሚ አላጣም። ላስታና ዋግ ግን ሌላ መልስ ሰጡ፤ እዚያ የነበረው ገባር ርስቱን የሚነካ የውጭ ሹም አይፈልግም ነበር። የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1929 ዓ.ም. መጨረሻ በላስታና በዋግ ሕዝቡን አስነሥተው ተዋጉ። በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ጣሊያኖች አንገታቸውን ቆርጠው ለሕዝብ አሳዩ። ዛሬ ለአገር የሞተ ሰው «ሕይወቱን ገበረ» ይባላል። ግሱ ከእህልና ከማር ተነሥቶ ወደ ደም የደረሰው እንዲህ ባሉ ዓመታት ነው።

ከነፃነት በኋላ መንግሥቱ ግብሩን በገንዘብ ወሰነ። የ1934 እና የ1937 ዓ.ም. አዋጆች መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ብለው ከፍለው የሚከፈለውን በብር አስቀመጡ፤ ከዚያ ውጭ የነበረው የጉልበት አገልግሎትና መዋጮ ቀረ ተባለ። ጉልት ግን እስከ 1958 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። በዚያው ዓመት ጉልት በአዋጅ ሲሻር በዋግና በላስታ ሰው በረሃብ ይሞት ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ኢትዮጵያ ገጠር የረሃብ ተጋላጭነት በጻፉት መጽሐፍ ይህን ረሃብ መርምረዋል፤ ጥፋቱንም ከዝናቡ ይልቅ ገበሬውን ምንም ሳያስተርፍ ከሚያራቁተው ሥርዓት ላይ ነው የሚያገኙት። ከሰባት ዓመት በኋላ ወሎ ዳግመኛ ሲራብ ወሬው ዓለምን ዞረ፤ የ1958ቱ ግን በተራሮቹ መሐል ተቀብሮ ቀረ ማለት ይቻላል።

በገንዘብ የተከፈለ ግብር አዲስ ነገር አመጣ፤ ደረሰኝ። ለላስታ ባለ ርስት ይህች ወረቀት ቀላል አልነበረችም። ድንበር ሲገፋበት፣ ዘመድ «እኔም ድርሻ አለኝ» ብሎ ሲከሰው፣ ዳኛ ፊት ቆሞ «ገብሬበታለሁ» ይላል፤ ደረሰኙንም ያወጣል። የበታችነት ቃል የነበረው ግስ በፍርድ ቤት የባለቤትነት ምስክር ሆነ። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚበልጥብኝ ይህ ነው።

የተማሪዎቹ «መሬት ለአራሹ» በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲሰማ የተመረጠው ቃል አራሽ እንጂ ገባር አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ። በደቡብ ሰው በደስታ ጨፈረ፤ ጭሰኛው ነፃ ወጣ። በላስታ ግን ደስታው ከጥርጣሬ ጋር ነበር፤ ከጌታ ነፃ የወጣው ሰው ከርስቱም ወጥቷልና። ገባር ከሕግ ቋንቋ ጠፋ፤ በቦታው የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። ገበሬም ከዚያው ሥር የወጣ የቅርብ ዘመዱ ነው። ብዙም ሳይቆይ በማኅበሩ በኩል የእህል ኮታ ሲመጣ ሰፋሪው ተለወጠ እንጂ ሰጪው አልተለወጠም።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ገበሬ ራሱ ከመንግሥት ቋንቋ እየወጣ አርሶ አደር ተተካበት። ምክንያቱ አይገርምም፤ ከተማ ውስጥ «ምን ገበሬ ነህ» የሚባለው ለሚሰደብ ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ ግን ዛሬም ግብርና ሚኒስቴር ነው፤ አርሶ አደር ከሚለው ለመሥሪያ ቤት የሚሆን ስም አልወጣም። የቀሩት የቤተ ሰቡ አባላትም በየቢሮው ተሰማርተዋል። ግብረ ኃይል ይቋቋማል፣ ግብረ መልስ ይጠየቃል፣ እቅድ ይተገበራል፣ ግብረ ሰናይ ድርጅት ይረዳል። ይህን ሁሉ የሚናገር ባለሥልጣን በየዐረፍተ ነገሩ የገባርን ዘር እየጠራ መሆኑ ትዝ የሚለው አይመስለኝም። በላሊበላ በቤተ መድኃኔ ዓለም ቅዳሴ ሲቀደስ ዋናው ቀዳሽ ገባሬ ሠናይ ካህን ይባላል። በዚያ ቅጥር ውስጥ ቃሉ በላሊበላ ዘመን የነበረውን ክብር አላጣም።

ስለ ላስታ ለሚጽፉ ሰዎች አንድ ነገር እላለሁ። በአሮጌ ወረቀት ላይ ገባር የሚል ቃል ሲያገኙ የደቡቡን ትርጉም ይዘው አይፍረዱ፤ ሰውየው ለማን፣ በምን መሬት ላይ፣ በማን ስም እንደገበረ ይጠይቁ። ያ መልስ ደግሞ ከቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል አይገኝም፤ በየጎጆው ሳጥን ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው ያለው። አንባቢዬ የላስታ፣ የዋግ ወይም የዋድላ ሰው ከሆኑ፣ ከአያትዎ የቀረ የግብር ደረሰኝ በእጅዎ ካለ አይጣሉት። ቤተ ሰቡ የት መሬት ላይ እንደኖረ በስሙ የሚመሰክር ሌላ ጽሑፍ ላይኖር ይችላል። ፎቶ ያንሡት፣ ዓመቱንና የቦታውን ስም ከጎኑ ይጻፉበት፣ ከቻሉም ቅጂውን በአቅራቢያዎ ላለ ቤተ መጻሕፍት ወይም ዩኒቨርሲቲ ይስጡ።